«ክርስቲያን ሞትን አይፈራም» ያለሽ ማን ነው?

ጥያቄው፦ «እናቴ አዲስ አበባ ካረፈች ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም፤ ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እባንናለሁ። ‹እኔም እኮ እሞታለሁ› የሚል ሐሳብ ይመጣና ልቤ ይደልቃል። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ እቆርባለሁ። ግን ‹ክርስቲያን ሞትን አይፈራም› ሲባል ስሰማ እምነቴ የውሸት ይመስለኛል። ጴንጤ የሆነችው እህቴ ‹ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ተዝካር ከንቱ ነው› ትላለች። አክስቴ ደግሞ ‹አርባዋ ቀዝቅዞ አለፈ፣ ሰማንያዋን ድንኳን ጥለን እናውጣ፣ ገንዘብ ላኪ› ትለኛለች። እናቴ አሁን የት ናት? መፍራቴስ ኃጢአት ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማርልን።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ እሱ ነውና። አይደለም። ሞትን መፍራት ኃጢአት አይደለም።

ነገረ መለኮት ተምሬአለሁ። እንጀራዬ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ሕሙማንን በመንፈሳዊ ጉዳይ አማክራለሁ፣ ቻፕሊን ይሉናል። ስለዚህ ሞትን በመጽሐፍም አውቀዋለሁ፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጬም አይቼዋለሁ። «ክርስቲያን ሞትን አይፈራም» የሚል ሕግ በሁለቱም ቦታ አላገኘሁም።

ቅዱስ ጳውሎስ ሞትን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታስታውሻለሽ? «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ይላል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥26። ጠላት ነው ያለው። ወዳጅ ነው አላለም፤ ያለ ነገር ነው ልመዱት ብሎም አላለፈውም። ጠላት ደግሞ ያስፈራል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ሰዎች በዕድሜያቸው ሁሉ በሞት ፍርሃት በባርነት ታስረው እንደነበር፣ ክርስቶስም እነሱን ነጻ ሊያወጣ እንደመጣ ይነግረናል። ፍርሃቱን እንደ ጉድ አላየውም። ሰው ሁሉ የታሰረበት ገመድ አድርጎ ነው ያየው። ታስሮ የተገኘ ሰው ደግሞ ይፈታል እንጂ አይገሠጽም።

ወደ ጌቴሴማኒ ብንሄድ ነገሩ የባሰ ግልጽ ነው። ጌታ ራሱ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ። ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ኦስካር ኩልማን የሚባል የአዲስ ኪዳን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1955 ሃርቫርድ ላይ ባደረገው ንግግር ይህን ከግሪኩ ፈላስፋ ከሶቅራጥስ ጋር ያነጻጽረዋል። ሶቅራጥስ ሞት ተፈርዶበት መርዙን ሲጠጣ ተረጋግቶ ነው። ለእሱ ሞት ነፍስን ከሥጋ እስር ቤት የሚያስወጣ ወዳጅ ነበር። ኢየሱስ ግን ተጨነቀ፤ ለእሱ ሞት የእግዚአብሔርን ሥራ የሚያፈርስ ጠላት ነውና። ኩልማን ከዚህ ተነሥቶ የነፍስ ሕያውነትንና የሙታን ትንሣኤን እንደ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ማቅረቡ ላይ አልስማማም፤ አባቶቻችን ሁለቱንም አብረው ይዘዋል። የጌቴሴማኒውን ነገር ግን በትክክል አይቶታል። ሌሊት ልብሽ ሲደልቅ ማንን እንደምትመስይ አስቢ።

ቢታንያም እንዲሁ ነው። አልዓዛርን ሊያስነሣው ነው የመጣው። ያውቃል። መቃብሩ ጋ ሲደርስ ግን «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»። ልቅሶ ቤት መጥተው «ዐርፋለች እኮ፣ ለምን ታለቅሻለሽ» የሚሉሽ ሰዎች ይህን ጥቅስ ዘለውት ነው ያለፉት። ደግሞ ጳውሎስን ይጠቅሱልሻል። «አትዘኑ ይላል» ይሉሻል። እሱ ያለው ግን «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ሲቆረጥ ትእዛዙ ሌላ ይሆናል።

ሚዛኑን ላለመሳት አንድ ነገር ልጨምር። «ክርስቲያን ሞትን አይፈራም» የሚለው አባባል ከሰማይ አልወረደም። ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ፍሬምናጦስን ቀብቶ ጳጳስ አድርጎ የላከልን ያው የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ ከትንሣኤው ወዲህ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በሞት ላይ እንደሚያፌዙበት ጽፏል። የጻፈው ግን ክርስቶስ ሞትን ማሸነፉን ለማሳየት ነው። እናቷን መቅበር ያልቻለች ሴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እምነቷን እንድትለካበት አይደለም። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ላይ በአይሲስ እጅ የተገደሉብንን ወንድሞቻችንን አስቢ። ቢላዋውን ሲያዩ ፈርተው ነበር? እኔ ብሆን እፈራ ነበር። ሰማዕት ያሰኛቸው ግን አለመካዳቸው ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። ከምሳ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ናት። «አንዲት ኢትዮጵያዊት በሽተኛ መሞት እፈልጋለሁ እያሉ ነው፤ የሥነ ልቦና ሐኪም ከመጥራቴ በፊት አንተ ብታያቸው» አለችኝ። ገባሁ። ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። ነጠላቸው የሆስፒታሉ ጋውን ላይ ተደርቧል። አስተርጓሚው ከአልጋው አጠገብ በቆመ ታብሌት ላይ ነው ያለው። ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ደገሙልኝ፦ «አሟሟቴን አሳምረው ነው ያልኩት ልጄ! ምን አጠፋሁ?»

እናትሽም ይህቺን ጸሎት ትላት እንደነበር እገምታለሁ። የብዙዎቻችን እናቶች ከመኝታ በፊት ይሏታል። ሳይናዘዙ፣ ሳይቆርቡ፣ ልጅ ዓይን ሳያዩ፣ በድንገት ከመሄድ ሰውረኝ ማለት ነው። ያንን ለነርሷ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። እንግሊዝኛው እምቢ አለኝ። በመጨረሻ «ሞቴን ጥሩ አድርግልኝ ብለው እየጸለዩ ነው» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሰው እንዲህ ብሎ ይጸልያል?» አለች።

ነርሷ ስትወጣ «እማማ፣ ሞትን ይፈራሉ እንዴ?» አልኳቸው። «እፈራለሁ እንጂ! አንተ አትፈራም?» አሉና ገላመጡኝ። ከዚያ ሌላ ጉዳይ ያዙ። ምሥራቅ በየት በኩል ነው? የስልኬን ኮምፓስ ከፍቼ አሳየኋቸው። በመስኮቱ በኩል ነበር። አልጋውን አዙሩልኝ አሉ። አልጋው አይዞርም፤ የኦክስጅኑ መስመር ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው። እኔና ልጃቸው ትራስ ደራርበን ፊታቸው ወደ መስኮቱ እንዲዞር አደረግን። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት።

እፈራለሁ ባሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ምሥራቅን የፈለጉት። ፍርሃቱ ሲሄድ እምነት ይመጣል ብሎ የነገራቸው የለም። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር።

ምሥራቁን ያነሣሁት በምክንያት ነው። «እናቴ የት ናት» ላልሽው መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው። ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን፤ ጌታ ዳግም ሲመጣ ከምሥራቅ ነውና። ልብ በይ፣ ሬሳው ሲቀበር የሚነሣበት አቅጣጫ ተመርጦለት ነው።

ልቅሶ ቤት የሚሉሽን ነገር አስታውሺ። አንዱ «ነፍሷን በገነት ያኑርልን» ይልሻል። ሌላው «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ይላል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚሰማው። አይደሉም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የጻድቃን ወደ ገነት፣ የኃጥአን ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ይህ የመቆያ ቦታ ነው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ግን ከትንሣኤ ሙታንና ከፍርድ በኋላ ናቸው። ስለዚህ «ያኑርልን» የአሁኑ ልመና ነው፤ «ያውርስልን» የወደፊቱ። ልቅሶ ደራሹ ባያውቀውም አፉ ሁለቱን ለይቶ ይናገራል።

ለአሁኑ የምንይዘው ቃል በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የሰማውን ነው፦ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ»። ዛሬ ነው ያለው። በዚህ ምክንያት ነው ነፍስ እስከ ትንሣኤ ምንም ሳታውቅ ታንቀላፋለች የሚለውን የአድቬንቲስቶች ትምህርት የማንቀበለው። እነሱ ጥቅሱን በሌላ መንገድ ያነቡታል፤ በዚያ ክርክር አላደክምሽም።

ስለ ወደፊቱ ደግሞ በየቅዳሴው የምትዪው ጸሎተ ሃይማኖት አለ። እስከ መጨረሻው «ነአምን፣ ነአምን» እያልን እንመጣለን። በአንድ አምላክ እናምናለን፣ በመንፈስ ቅዱስ እናምናለን፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን። የሙታን ትንሣኤ ላይ ስንደርስ ግሱ ይቀየራል፦ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን»። ተስፋ እናደርጋለን፣ እንጠብቃለን ማለት ነው። ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሰው እንደሚጠብቅ። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ በተሰበሰቡት አባቶች የጸና ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ከእምነታችን ምሰሶዎች፣ የመጨረሻውም ትንሣኤ ሙታን ነው። የምንጠብቀው ነፍሷን ብቻ አይደለም። እጆቿን ጭምር ነው። ከሙታን የተነሣው ጌታ የሚዳሰስ ቁስል ነበረው፤ ዓሣም በልቷል።

እናቴ በእርግጥ ገነት ናት ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ማረጋገጫ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት የለም እልሻለሁ። ፍርዱ የእሱ ነው። የሚፈርደው ግን በመስቀል ላይ ላለ ወንበዴ በአንድ ልመና ገነትን የከፈተው ነው። ዩቲዩብ ላይ «ሞቼ ተነሣሁ፣ ሲኦል እነ እገሌን አየሁ» የሚሉትን ደግሞ እባክሽ ዝጊያቸው። በተለይ ሌሊት።

ወደ እህትሽና ወደ አክስትሽ እንምጣ። ሁለቱም ስለሚወዷት ነው የሚናገሩት፤ እዚያ ላይ አልጠራጠርም።

እህትሽ የምትይዘው ዕብራውያን 9፥27ን ይሆናል፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያ በኋላም ፍርድ እንደተመደበበት። ወንጌላውያኑ ከዚህ ተነሥተው ለሞተ ሰው አይጸልዩም፤ ለቀሩት ግን ይጸልያሉ፣ ያጽናናሉ። ሥጋታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1517 ሉተርን ያስነሣው ለሙታን ሥርየት ተብሎ የሚሸጥ ወረቀት ነበር። በገንዘብ ገነት አይገዛም ካለች ልክ ናት፤ እኔም እፈርምበታለሁ።

ነገር ግን ፍርድ አለ ማለትና መጸለይ አይቻልም ማለት አንድ አይደሉም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ ለሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን» ምሕረት እንዲያገኝ ይለምንለታል። ሰላምታውን ግን ለቤተ ሰዎቹ ነው የሚልከው። ስለዚህ ብዙዎች ሰውየው ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም ይላሉ። ጥቅሱ ሞቷል አይልምና እህትሽን በእሷ ለመርታት አትሞክሪ። የእኛ መሠረት ቀለል ያለ ነው። ሞት ከክርስቶስ ፍቅር ካልለየን፣ ትናንት ስጸልይላት የነበረችውን እናት ዛሬ የምተውበት ምክንያት የለኝም። ጸሎቱ ፍርዱን የሚያስገድድ አይደለም፤ ልመና ነው።

ካቶሊኮች ከዚህ አልፈው በጸጋ የሞተች ነገር ግን ያልጠራች ነፍስ የምትነጻበት ሁኔታ አለ ይላሉ። ዋቢ ከሚያደርጉት አንዱ ለሙታን መጸለይን የሚያነሣው ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ የእኛን መጽሐፈ መቃብያን ገልጠሽ ብትፈልጊው አታገኚውም። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ መጽሐፉ ሌላ ነው። በዚህ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባ አይቻለሁ።

አክስትሽ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ እነዚህ ቀናት የተሠሩት ስሟ መሠዊያው ፊት እንዲጠራ፣ ነዳያን እንዲበሉ ነው። ሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ አርባኛው ዕርገቱን ያስታውሰናል። ድንኳኑ ከየት መጣ? ከእኛው ነው። ሰው ምን ይለኛል ከሚለው። በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ተዝካር ያወጣና ከድህነት ያልወጣ ስንት ቤተሰብ አለ! እድርተኛውና ጎረቤቱ ጠግቦ ይወጣል፤ ነዳያኑ በር ላይ ትራፊ ይጠብቃሉ። ተዝካሩ የታሰበው ለነሱ ነበር። አርባዋ ቀዝቅዞ አለፈ ላለችሽ ደግሞ፣ ፍትሐት፣ ማለትም የሙታን ጸሎት፣ ተደርጎ፣ ተቀድሶ ከሆነ ምኑ ነው የቀዘቀዘው?

ስለዚህ ድንኳኑን ተዪው። ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ ይግባ። ስሟ ይነሣ። በቀረው ገንዘብ ደጀ ሰላም የሚቀመጡት ምሳ ይብሉ። አክስትሽ ካኮረፈች ታኩርፍ፤ ሙት ዓመት ሳይደርስ ትታረቂያታለሽ።

ያልጻፍሽው ነገር ያለ ይመስለኛል። «ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት» ብለሽ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። ስለ አንድ ሰው ልንገርሽና አንቺ አመዛዝኚው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ እናቱ ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. ስታርፍ 33ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከጣሊያን ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ሮም አጠገብ ባለችው የኦስቲያ ወደብ መርከብ እየጠበቁ ነው የታመመችው። እናቲቱ ዕድሜ ልኳን አገሯ ባሏ አጠገብ መቀበር ትፈልግ ነበር። ቦታውን ሁሉ አዘጋጅታለች። ወንድሙ ይህንን ያውቃልና «በአገርሽ ብትሞቺ ይሻል ነበር» አላት። በዓይኗ ገሠጸችው። ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ ለእሱ አትጨነቁ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ የትም ብትሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ አለቻቸው።

ስትሞት አውግስጢኖስ ዓይኗን ከደነ። እንባው መጣ፣ ዋጠው። ልጁ ጮኾ ሲያለቅስ ዝም አሰኙት። ክርስቲያን ሆነን እንዴት እንዲህ እናለቅሳለን ብለው ነው። ያንቺው ችግር ማለት ነው። ሐዘኑ እንዲለቀው ገላውን ታጠበ። አልለቀቀውም። ተኝቶ ሲነሣ ግን ብቻውን አልጋው ላይ ሆኖ አለቀሰ። በኋላ ሲጽፈው፣ በዚህ የሚነቅፈኝ ካለ ይንቀፈኝ፣ ይልቅስ ስለ ኃጢአቴ ያልቅስልኝ የሚል ዓይነት ነገር ነው ያለው። ያ ሰው በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ከታላላቆቹ መምህራን አንዱ ነው።

እሷ የጠየቀችው መቃብሯ ላይ እንዲገኙ አልነበረም። መሠዊያው ፊት ስሟ እንዲነሣ ነው። መሠዊያ ደግሞ ሜሪላንድም አለ። ፍትሐት አስከሬን በሌለበትም ይጸለያል።

እንዲያውም ቤተ ክርስቲያናችን ሰው በቁሙ እያለ የምትጸልይበት ጊዜ አለ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። ዘንባባሽን ጣትሽ ላይ አስረሽ ስትቆሚ የሚጸለየው ምናልባት ለአንቺም ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ደንግጬ አያቴ ነጠላ ውስጥ ገባሁ። አሁን በየዓመቱ የምጠብቀው ሰዓት ሆኗል። ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ግን ከሰው ጋር ቆሜ ነው የምፈራው።

ሌሊቱን ብቻሽን አትጋፈጪው። ስትባንኚ ተነሺ፣ መብራት አብሪ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። ረጅም ጸሎት አትጀምሪ። «እግዚኦ መሐረነ» ይበቃል። ወይም የእናትሽን ጸሎት በእናትሽ አነጋገር በያት። ቀን ቀን ደግሞ ለንስሓ አባትሽ ንገሪያቸው። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሥራ መሄድ ካቃተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ይህ እምነት ማነስ አይደለም፤ ሐዘን ሰውነትንም ያማል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ለነገ ሳትዪ እዚህ አሜሪካ ላለው የእርዳታ መስመር፣ 988፣ ደውዪ።

ለሰማንያዋ ሦስት ሳምንት ገደማ አለሽ። ካህኑ ዘንድ ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ የክርስትና ስሟን ነው። ወለተ ማርያም ይሁን፣ ወለተ ሥላሴ ይሁን፣ ሌላ ይሁን። እዚህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ የእናታቸውን የክርስትና ስም አያውቁትም፤ «እማዬ» ሲሏት ነው የኖሩት። አንቺም ካላወቅሽው አክስትሽ ጋ ደውዪ። ስለ ድንኳኑ አትጀምሪላት። በስሙ ጀምሪ፤ ማን እንዳወጣላት፣ የት እንደተጠመቀች፣ ሕፃን ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ጠይቂያት።